የብርቱካን «ሆርሞን» ገዝቼ ረጨሁ፤ ዱቄቱ ጥሩ ነው፣ ምክሩ ግን ገደል ይከታል

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥና ልገላገል። ዱቄቱ ከአምስት አራት። የገዛሁበት ሱቅ ከአምስት አንድ ተኩል፣ ግማሿም ሻጩ ሰው አክባሪ ስለሆነ ብቻ የተጨመረች ናት።

ዕቃው ጂብሬሊክ አሲድ ነው፤ የደረሰ ብርቱካን ዛፍ ላይ ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚረጭ ዱቄት። ኮምቦልቻ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት የሚሸጡ ቤቶች ገብታችሁ ብትጠይቁ አንዱ «ጂብሬሊን» ይላችኋል፣ አንዱ «ጂኤ»፣ አብዛኛው ግን በደፈናው «ሆርሞን» ነው የሚለው። አንድ ግራም የምትይዝ ቀጭን ሳሼ ናት። ስትከፍቷት ታሳዝናለች። የጥፍር ያህል ነጭ ዱቄት፣ እሱም ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ። ለአንዷ 350 ብር ከፈልኩ። ሁለት ገዛሁ። ለምን ሁለት እንዳስፈለገኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

አባባ ከከተማው ወጣ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ብርቱካን አለው። ትልቅ እርሻ አታስቡ፣ ሠላሳ እግር ቢሆን ነው። በየዓመቱ ችግራችን አንድ ነው። ገና ሲቃረብ የኛም የጎረቤትም የዘመድም ብርቱካን አንድ ላይ ይደርሳል፣ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ነጋዴው እንደፈለገ ይጫወትብናል። እሺ ዛፉ ላይ ይቆይ ስንል ደግሞ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ከሥጋው ይላቀቅና ፊኛ ይሆናል፣ ጠዋት ስንነሳ ከዛፉ ሥር ረግፎ እናገኘዋለን። አውርደን ቤት ስናስቀምጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ አመድ የመሰለ አረንጓዴ ሻጋታ ይወጣበታል። አንዱ ከሻገተ ደግሞ አጠገቡ ያለውን አይምርም።

ዋጋው የሚወጣው ልክ የኛ ሲያልቅ ነው። ዘንድሮማ ብሶ ነበር። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 11። በአንድ ሳምንት! ወሎ ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። አንዱ ቤት ለአፍጥር ጭማቂ ይፈልጋል፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ደግሞ ቅቤና እንቁላሉን አቁሞ ወደ ፍራፍሬ ዞሯል። ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ብርቱካኑን ከገና አሻግሬ የካቲት ማድረስ።

ዱቄቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሙዝና ማንጎ ከተቀጠፉ በኋላ ይበስላሉ፣ ብርቱካን ግን አይበስልም፤ ጣፋጭነቱን ዛፉ ላይ ይጨርሳል። ውስጡ ደርሶ ሳለ ልጣጩ ግን ማርጀቱን ይቀጥላል። አረንጓዴው ይጠፋል፣ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ነገር ሲነካው ይቀደዳል፣ ሻጋታም መንገዱን ያገኛል። ጂብሬሊን ይህን እርጅና ያዘገየዋል። ልጣጩ ወጣት ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። ውስጡን ብዙም አይነካውም። ጣፋጭ አያደርግም፣ የተበላሸ አያድንም፣ ሻጋታ አይገድልም። እኔ ከሻጩ የሰማሁት ግን «ማሳደጊያ ነው፣ ፍሬውን እንዲህ ያደርገዋል» የሚል ነበር፣ በሁለት እጁ ሐብሐብ የሚያክል ነገር እያሳየ። ወሬው ምናልባት ከወይን የመጣ ነው፣ ዘር አልባ ወይን ላይ በእርግጥ ያሳድጋል። እዚህ ግን የተነጋገርነው ስለ ደረሰ ብርቱካን ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። «ስንት ሊትር ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው?» አልኩት። «አንድ ሳሼ ለአንድ ፓምፕ፣ አብሽር!» አለኝ። አመንኩት። ሳሼዋ ላይ ያለው ጽሑፍ በቻይንኛና በደቃቃ እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ ጭራሽ የለበትም፣ እኔም መነጽር አልያዝኩም። ቤት ገብቼ 16 ሊትር የሚይዘውን የጀርባ መርጫ ሞልቼ ዱቄቱን ነሰነስኩበት። አልሟሟ አለ! ውሃው ላይ እንደ ዱቄት ወተት ተንሳፈፈ። በዱላ አማሰልኩት፣ ነቀነቅኩት፣ ግማሹ የመርጫው ወንፊት ላይ ቀረ። ያንኑ ሁለት ዛፍ ላይ ረጭቼ ጨረስኩ። ማታ ነው መነጽር አድርጌ ሳሼዋን በስልክ መብራት ያነበብኳት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ብርቱካን ላይ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ግራም አንድ ሺህ ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ አንዷ ሳሼ ለ100 ሊትር ውሃ ትበቃለች፣ ከስድስት ፓምፕ በላይ ማለት ነው። እኔ በአንድ ፓምፕ ጨመርኳት፤ በሊትር ወደ 60 ሚሊ ግራም። ከመጠኑ ስድስት እጥፍ። የነዚህን ሁለት ዛፎች ዕጣ ፈንታ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

ሁለተኛዋን ሳሼ በሥርዓት ሠራኋት። ጂብሬሊክ አሲድ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ አልኮል ውስጥ ግን ወዲያው ነው። ከፋርማሲ አልኮል ገዛሁ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት ይህን ሲያዩ «ለብርቱካን ነው አረቄው? እኛ ብንጠጣው ሐራም ነው የምትሉት!» ብለው ሲስቁ ዋሉ። ዱቄቱን ትንሽ አልኮል ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አሟሟሁና አንድ ሊትር በሚይዝ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ በውሃ ሞላሁት። ከዚያ ለእያንዳንዱ 16 ሊትር ፓምፕ 160 ሚሊ ሊትር። ለመለኪያ የሕፃን ጡጦ ተጠቀምኩ፣ የእህቴ ልጅ አይከሰኝም። ጡጦው ከዚያ ወዲያ ለሕፃን አልተመለሰም፣ እናንተም እንዳትመልሱት። ስድስት ፓምፕ ወጣኝ፣ አንዱ ፓምፕ ሁለት ዛፍ ያዳርሳል፣ አሥራ ሁለት ዛፍ ማለት ነው። ተዘጋጅቶ የተረፈውን ለነገ ማሳደር አያስፈልግም፣ እየቆየ ይደክማል።

ውሃውንም ልብ በሉ። የኛ ጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ዓይነት ነው። ጂብሬሊን ኖራማ ውሃ አይወድም፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ሎሚ ጨመቅኩበት። ለዚሁ ሲባል ከመዳብና ከኖራ መድኃኒት ጋር አንድ ፓምፕ ውስጥ አይቀላቀልም። ጎረቤቱ ሁሉ «በአንድ ድካም ሁለቱንም ጨርስ» ይላል፣ አትስሙ። ቅጠሉና ፍሬው ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርግ ማጣበቂያ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሱቁ ውስጥ የለም፣ ሻጩም ሰምቶት አያውቅም። «ላርጎ ጣል አድርግበት» አለኝ። አላደረግኩም፣ ዛፉ ሳህን አይደለም።

ጊዜው ከመጠኑ እኩል ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። መረጨት ያለበት ፍሬው ሙሉ ሆኖ፣ ግን ገና ቢጫ ሳይጀምር ነው። እኛ ጋ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ፣ የፍሬው ሥር ደብዘዝ ትላለች፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ በኋላ ብትረጩት ያረጀን ልጣጭ ወጣት አያደርገውም፣ ገንዘባችሁን ውሃ በላው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ጀምሬ ፀሐይ ሳይበረታ ጨረስኩ፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ነው በደንብ የሚገባው። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጌያለሁ፤ አባባ እንደ ልማዱ በነጠላ ጫማና በባዶ እጅ ሊረዳኝ መጥቶ ተጣልተናል።

ከዚያ ታኅሣሥ ደረሰ፣ ጉዱም መጣ። ያልተረጩት ዛፎች ወርቅ መስለዋል። የተረጩት አሥራ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው! ቆርጬ ቀመስኩ፣ ውስጡ ልዩነት የለውም፣ እኩል ጣፋጭ ነው። ለገበያ ግን ማን ያምናል? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፍራፍሬ የምትሸጥ ደንበኛችን አለች፣ እታለም ነው የምላት። አንድ ፌስታል ወስጄ አሳየኋት።

«ወንድማለም፣ ይሄ ሎሚ ነው ብርቱካን?» አለችኝ።

«ቅመሺው እስኪ።»

ቀመሰችው። ዝም ብላ ሌላ አነሳች። «ጣዕሙስ ማሻአላህ ነው። ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ እየቆረጥኩ ላስቀምስልህ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መርፌ የተወጋ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከአሥር ሰው ሰምቼዋለሁ። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ነው ጥፋተኛው፣ ሰዉ ዶሮ ነው የሚያስበው። ነገሩ መጀመሪያ የታየው ጃፓኖች ሩዝ ላይ ነው። ችግኙ ያለ ልክ ይረዝምና ይወድቃል፣ በሽታውን «ባካናኤ» ይሉታል፣ ሞኝ ችግኝ እንደ ማለት። በፈረንጆቹ 1926 ኩሮሳዋ የሚባል ተመራማሪ ችግኙን የሚያስረዝመው በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳየ፣ በ1935 ያቡታ የተባለው ሌላው ጃፓናዊ «ጂብሬሊን» ብሎ ስም አወጣለት። ኋላ ላይ ዕፅዋት ራሳቸው እንደሚሠሩት ታወቀ። ብርቱካኑ ልጅ ሆኖ ልጣጩን አረንጓዴ የሚያደርግበት የራሱ ነገር ነው፣ እኛ ትንሽ ጨመርንለት። ለእታለም ይህን ሁሉ አላወራሁም። «የራሱ ዛፍ የሚሠራው ነገር ነው» ብቻ አልኳት። «እንዲያ ከሆነ ለምን ትረጨዋለህ?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ሳቅኩ።

እናም ማስጠንቀቂያ፦ ብርቱካናችሁን ለገና ልትሸጡ ካሰባችሁ ይህን ዱቄት አትንኩት። ለገና አረንጓዴ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ይህ ለሚያቆይ ሰው ነው።

ትዕግሥት አጥቼ አንድ ሙከራ ሠርቻለሁ። እናቴ ከድሮ የምታውቀው ዘዴ አለ፣ አረንጓዴውን ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ መዝጋት። ሙዙ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ የብርቱካኑን አረንጓዴ ያጠፋል። ሙዝ ነጋዴዎች ክፍል ዘግተው በላምባ ጭስ ሙዝ የሚያበስሉትም ጭሱ ውስጥ ያለው ይኸው ዓይነት ጋዝ እየረዳቸው ነው። ሠራ፣ በአምስት ቀን ቢጫ ማለት ጀመረ። ግን ፍሬው ጫፍ ላይ ያለችው አረንጓዴ ኮፍያ እየደረቀች ወደቀች፣ ቀዳዳው ክፍት ቀረ፣ መበስበስም የጀመረው ከዚያው ነው። ልጣጩን ወጣት ለማድረግ ስድስት ፓምፕ ተሸክሜ መልሼ በሙዝ አስረጀሁት፣ በገዛ እጄ። ከዚያ ወዲህ ብርቱካንና ሙዝ አንድ ክፍል አላሳድርም።

በጥር መጨረሻ ነገሩ ተገለበጠ። ያልተረጩት ልጣጫቸው ተነፋ፣ ስትጫኗቸው ጣታችሁ ይሰምጣል፣ ከሥራቸው የረገፈውን ከብቶቹ በሉት። የተረጩት ደግሞ ያኔ ነው ቀስ ብለው ቢጫ የሆኑት፣ ጠንካራ፣ የሚያንጸባርቁ። አባባ በአውራ ጣቱ እየተጫነ አንድ በአንድ ሲፈትን አንድ ሰዓት ቆየ። አባባ በቀላሉ አያደንቅም። «ይሄ ይሻላል» አለ፣ በሱ ቋንቋ ይህ ጭብጨባ ነው።

የማቆየቱን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ፈተንኩት። በአንድ ቀን ከተረጩት 40፣ ካልተረጩት ጤነኛ የሚመስሉትን መርጬ 40 አወረድኩ። እህቴ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው ያለችው፣ ሐረጎ ዳገትን አቋርጬ በሚኒባስ ወሰድኩላት። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500፣ መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። መብራት የማይበላ ማቀዝቀዣ አጠገባችን ተቀምጦ እኛ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ብርቱካን እናበሰብሳለን! ፀሐይ የማያገኘው ክፍሏ ውስጥ ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ አንድ ላይ ሳይቆለል፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ። በየሳምንቱ እሑድ እሱዋ ትቆጥራለች፣ በስልክ ትነግረኛለች። በአራተኛው ሳምንት ካልተረጩት 17 ተጥለዋል፣ ከተረጩት 5። የአንድ ቤት ሙከራ ነው፣ ሳይንስ ነው አልልም፣ ግን ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን ያየ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም ነበር። የተረጩት ሳጥን የብርቱካን ሽታ አለው፣ ያልተረጩት ሳጥን የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ነው።

የተጣሉትን 5 ገልብጬ አየሁ። ሦስቱ በእጅ ተጎትተው የተቀጠፉ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ተቀደዋል፣ ሻጋታው የገባው በዚያው ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ መቀሱ ሲደነዝብኝ ሰነፍኩ። አረንጓዴው ሻጋታ በቁስል ነው የሚገባው። ጥሩ መቀስ ይዞ ኮፍያዋን ሳይነኩ መቁረጥ፣ ጤዛ ሳለ አለማውረድ፣ ጆንያ ውስጥ አለመወርወር፤ እነዚህን ካላደረጋችሁ 350 ብሩን ተዉት፣ በሱ መቀስ ግዙበት።

ሌላ ሰው የሚጠይቀኝ «ቱፎርዲስ?» ነው። ጤፍና ስንዴ ውስጥ አረም የምናጠፋበት ቱፎርዲ በጣም ጥቂት መጠን ሲሆን የብርቱካን ፍሬ እንዳይረግፍና ኮፍያዋ አረንጓዴ እንድትቆይ ያደርጋል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚህ ይጠቀሙበታል። ግን ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ምርት ነው። ከአረም ማጥፊያው ጠርሙስ በክዳን ለክቶ ዛፍ ላይ መርጨት ዛፍ መግደል ነው። አረም የረጫችሁበትን ፓምፕ ራሱ ለዚህ አትጠቀሙ፣ የቀረው ጠብታ ብቻ ለጋ ቅጠሉን ይጠመዝዘዋል። ደጋ ላይ አፕል ያላችሁም ይህ ዱቄት የናንተ አይደለም። አፕል ላይ የሚፈለገው ኤትሊንን የሚያግድ ነገር ነው፣ ለምሳሌ በፈረንጆቹ 1996 በአሜሪካ ፓተንት የተሰጠው 1-ኤምሲፒ የሚባለው፤ እሱን ኮምቦልቻ ሱቅ ውስጥ አላየሁትም።

ገንዘቡን ልንገራችሁ። በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት እታለም ራሷ ደወለች። ያን «ሎሚ ነው ብርቱካን» ያለችውን። ለገና ከሸጥነው በኪሎ 60 ብር ጨምራ ወሰደችው፣ ለረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጭነንላታል። ሳሼዋ፣ አልኮሉ፣ የኔ ጉልበት፣ የሚኒባሱ ሒሳብ ተደምሮ በመጀመሪያው ጭነት ተመለሰ። የመጀመሪያዋን የባከነች ሳሼ ጨምሮ!

አሁን ሁለቱ ዛፎች። ከመጠን በላይ የጠጡት። በኅዳር ቅጠላቸውን አራገፉ፣ ግማሽ መላጣ ሆኑ። ፍሬያቸው እስከ የካቲት አጋማሽ ድንጋይ የመሰለ አረንጓዴ ሆኖ ቆየ። ይኸው መጋቢት ነው፣ ትንሽ ዝናብ ጠብ ብሎ ሌሎቹ ዛፎች አበባ ለብሰው ንብ ይጮህባቸዋል፤ ሁለቱ ላይ አበባው በጣት ይቆጠራል። ጂብሬሊን ሲበዛ ወይም ሲዘገይ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ይቀንሳል። አሥራ ሁለቱ ላይ ያን ያህል ልዩነት አላየሁም፣ ምናልባት ትንሽ ሳሳ ብለዋል። ለዚህ ነው ከአምስት አምስት ያልሰጠሁት፣ ለዚህም ነው ዘንድሮ የተረጩትን ለከርሞ አሳርፌ ሌሎቹን የምረጨው።

ስትገዙ ሳሼዋ የታሸገች መሆኗን፣ የተመረተችበትንና የምታበቃበትን ቀን እዩ። የምዝገባ ቁጥሯንም ጠይቁ። መጠኑን ከሻጩ ሳይሆን ከጽሑፉ ውሰዱ፤ መነጽር ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ሄጄ ነበር። ለጥል አልነበረም፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው። የሁለቱን ዛፎች ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ደነገጠ፣ ከልቡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ የሳሼዎቹን ካርቶን አውርዶ በእስክሪብቶ በትልቁ «1 ለ100 ሊትር» ብሎ ጻፈበትና መደርደሪያው ላይ መለሰው። ትንሽ አየት አደረገውና፣

«ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ግን ማን ሁለት ይገዛኛል?» አለኝ።